የጉሮሮ ፊደላት

በሰፈሩ «ተኳሿ» ነው የሚሏት። ጠመንጃ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ የምትተኩሰው አንሶላ ነው። የሆቴሎችን አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የጠረጴዛ ጨርቅ አጥቦ በሚመልስ ላውንደሪ ውስጥ፣ እንፋሎት ከሚተፋ ትልቅ ካውያ ፊት ቆማ ትውላለች። ባሏ ደግሞ የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ዱላ ይዞ ያድራል። ጎረቤቶቹ ታዲያ «በዚያ ቤት ዱላው ከባል፣ ተኩሱ ከሚስት» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን እሷም አብራ ትስቅ ነበር። እያደር ግን ለሳቅም አቅም እንደሚያስፈልግ ገባት።

ማታ ቤት ስትደርስ እግሯ አብጦ ጫማው አልወልቅ ይላታል። ወገቧን ለብቻው አውልቃ ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው ደስ ባላት። ልጆቹን ማብላት አለ፣ ዕቃ ማጠብ አለ፣ ለሥራ የሚወጣውን ባሏን መሸኘት አለ። ባልና ሚስቱ በር ላይ ነው የሚተላለፉት፤ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። ቤት ውስጥ ካውያ እንደማትነካ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ባሏ ሸሚዙን እርጥቡን በእጁ ዳብሶ መልበስ ከለመደ ቆይቷል።

በዚህ ላይ ነው አማቷ የመጡት። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆርቆሮ ሠሪ ነበሩ፤ አሸንዳ፣ ባልዲ፣ ሳጥን እየቀጠቀጡ ልጅ አሳድገዋል። ሚስታቸው ስትሞትባቸው ሱቃቸውን ዘግተው ልጃቸው ቤት ገቡ። ለምራታቸው ሸክም አልሆኑባትም። ግቢውን ይጠርጋሉ፣ የተሰበረ ማንጠልጠያ ይጠግናሉ፣ የቀረበላቸውን ይበላሉ። ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ወሬያቸው ግን ያነሰ ነው። አንዳንዴ ሲጠሯቸው ዝም ይላሉ፤ ባሏም «አባባን ሐሳብ ይዟቸው ይሄዳል፣ እናቴ ካረፈች ወዲህ እንዲህ ናቸው» ይላል። እሷም ሐሳብ መሆኑን አምና ተቀብላ ነበር።

አንድ ምሽት ልጆቹ ወደ መኝታቸው ሲገቡ፣ አዛውንቱ ከወትሮው በተለየ አልተነሱም። የጀለቢያቸውን እጅጌ እያጠፉና እየዘረጉ ቆዩና ጉዳያቸውን አወጡት። መስጊዱ ለትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ የቁርኣን ትምህርት ሊከፍት ነው። ኡስታዙ ፊደሉን ለይቶ ለመጣ ሰው ቶሎ ይቀናዋል ብሏል። እሳቸው ደግሞ በልጅነታቸው መዶሻ ከያዙበት ጊዜ ጀምሮ መዶሻ ሳይለቁ ነው ያረጁት። ሶላት የሚሰግዱት ሰው ሲያጎነብስ አጎንብሰው፣ ሰው ሲነሳ ተነስተው፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ነው። ምን እንደሚሉ በትክክል አያውቁም። ይህን ሲናገሩ ምራታቸውን ሳይሆን ምንጣፉን ነበር የሚያዩት።

«ባዶ እጄን ገብቼ ከልጅ እግሮቹ መሀል መቀመጥ አፈርኩ» አሏት። «አንቺ ትንሽ ብታዘጋጂኝ ብዬ ነው። ልጄን አልጠይቀውም፤ እሱ በሁለተኛው ስህተት ይናደዳል።»

እውነታቸውን ነው። ባሏ በልጅነቱ ከቁርኣን ትምህርት ቤት በአጥር ዘልሎ የጠፋ ነው። እሷ ግን ሳታገባ በፊት ቁርኣንን ቀርታ፣ ከዳር እስከ ዳር አንብባ ጨርሳለች፤ አባቷ ሰው በተሰበሰበበት ያስነብባት ነበር። ከዚያ ትዳሩም፣ ልጁም፣ ሥራውም ተደራርቦ መጣ። ቁርኣኑ ቁም ሣጥኑ ላይ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ አቧራውን ታራግፍለታለች እንጂ አትገልጠውም።

እምቢ ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። ደክሞኛል ልትል ነበር፣ እውነትም ነው። ግን አንድ ሽማግሌ የእጅጌያቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ ፊቷ ተቀምጠዋል። ነገ እንጀምራለን አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ሥራ ተጨመረባት። ከላውንደሪው ስትገባ አማቷ ለውዱእ ታጥበው፣ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ለልጆች የተዘጋጀውን የፊደል መጽሐፍ ይዘው ይጠብቋታል። ተማሪ ከአስተማሪ ቀድሞ ሲገኝ እሷ በሕይወቷ አላየችም። መጀመሪያ ሥርዓቱን ነገረቻቸው፦ ንጹሕ ሆኖ መንካትን፣ በቀኝ እጅ መያዝን፣ መጽሐፉን ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥን፣ ኡስታዙ ሲቀራ አለመቸኮልን። ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ቢሆንም እንደ አዲስ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡ። ቀጥሎ ፊደሉ መጣ።

ሁልጊዜ ከመብራቱ ሥር፣ ፊት ለፊታቸው እንድትቀመጥ ይፈልጋሉ። እሷ ግድግዳ ተደግፋ ጎን ለጎን ብትቀመጥ ይቀላታል፤ እሳቸው ግን ምንጣፋቸውን እየጎተቱ ይዞሩና ፊቷ ይመጣሉ። ማዛጋቷን መቻል ያቅታትና ሻሽዋን ወደ አፏ ትስባለች፤ ወዲያው «ልጄ፣ አፍሽን አትሸፍኚ» ይላሉ በለስላሳ ድምፅ። ለቁርኣን ክብር ብለው ነው ብላ ታስብና እጇን ታወርዳለች።

ባ የምትባለው ፊደል እሺ አለቻቸው። ሚም፣ ፋ፣ ዋው፣ ከንፈር ላይ የሚያልቁት ሁሉ በቶሎ ገቡላቸው። ምላስን ከጥርስ መሀል አውጥተው የሚሏትን ሣ እንዲያውም ከልጆቿ አሳምረው ያወጧታል። ችግሩ ጉሮሮ ላይ ነበር። ሓ ስትላቸው ኻ ይላሉ። ኻ ስትላቸው ሃ ይላሉ። ዐይን የምትባለዋ ፊደል ደግሞ ጭራሽ የለችም፤ አሊፍ ሆና ትወጣለች። ደጋግማ ትላለች፣ እሳቸው ዓይናቸውን አፏ ላይ ተክለው ደጋግመው ይስታሉ። አንዳንድ ማታ ሓ ላይ እንዳለች እንቅልፍ ያዳፋታል፤ ብንን ስትል አማቷ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ሳይቀሰቅሷት፣ ሳያጉረመርሙ ይጠብቋታል። ያ ትዕግሥታቸው ከስህተታቸው የበለጠ ያደክማታል። ቢቆጡ እሷም ትቆጣ ነበር።

አንድ ቀን ላውንደሪው ውስጥ ማሽን ተበላሽቶ፣ የጠፋውን ሰዓት ለማካካስ ያለ ዕረፍት ስትተኩስ ውላ መጣች። አዛውንቱ እንደ ልማዳቸው ተቀምጠዋል። ሓ አለች። ኻ አሉ። እንደገና አለች። እንደገና ኻ። ትዕግሥቷ እዚያው ላይ አለቀ።

«አባባ፣ እየሰሙኝ ነው ወይስ ጆሮ ዳባ ልበስ እያሉኝ ነው?» አለቻቸው።

አዛውንቱ መጽሐፉን በቀስታ ዘጉት፣ ሳሙት፣ መደርደሪያው ላይ መለሱት። «ደክሞሻል። ነገ ይሻላል» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። እሷም የዚያን ቀን ስትጸጸት አመሸች፤ ከአፏ ያወጣችውን ቃል መልሳ ለመዋጥ ግን ቃሉን የት ታግኘው።

ቅዳሜ ደረሰ። ዋዜማውን ነጩን ጀለቢያቸውን አጥባ፣ ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገች፤ ከጎረቤት ካውያ ተውሳ ተኮሰችላቸው። ልጆቿ እናታቸው ቤት ውስጥ ስትተኩስ ለማየት በር ላይ ተኮለኮሉ። የአንገቱን ዙሪያ፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ የደረቱን ስፌት እንደ ሆቴል ዕቃ አሳምራ ጨረሰችው። አዛውንቱ ጥፍራቸውን ቆረጡ፣ ጺማቸውን አበጠሩ፣ መጽሐፋቸውን በጨርቅ ይዘው ወጡ። እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች ሲወጡ አላየችም። ኻዋም ሓዋም እንደ መጡ ይምጡ፣ ኡስታዙ ያቀናቸዋል ብላ ራሷን አጽናናች። እውነቱን ለመናገር ደስታዋ ሌላ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ማታዋ የራሷ ሊሆን ነው።

ስትመለስ ጀለቢያው ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አማቷ በአሮጌ ሹራባቸው ግቢውን እየጠረጉ ነው። እንዴት ዋሉ ብትላቸው፣ «ተይው ልጄ፣ የእኔ ነገር ጊዜው አልፎበታል» አሏት። ወደ መጥረጋቸውም ተመለሱ።

ባሏ ሊወጣ ቀበቶውን እያጠበቀ ነበር። ሽማግሌ ሰው አይገደድም፣ ካልፈለጉ ይተዉት አላት። እሷ ግን ውስጧ ተቃጠለ። ከወር በላይ እንቅልፏን ቆርሳ የሰጠችው ለዚህ ነው? በአንድ ቀን ተመልሶ መጥረጊያ ለመያዝ ነው? እራታቸውን አቀረበችላቸው፣ ውሃቸውን አቀረበችላቸው፣ ግን ፊቷን ነሳቻቸው። በማግስቱም እንዲሁ። አኩርፎ መሥራት ደግሞ ከመሥራት ይልቅ ያደክማል።

ከዚያ በኋላ ባለው ሰሞን አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ላውንደሪው ቀደም ብሎ ለቀቃቸው። ቤት ስትደርስ ገና ፀሐይ አለ። የግቢውን በር ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ውሃ ነው። ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል፣ ቧንቧው እንደተከፈተ ያንዠቀዥቃል፣ ውሃው ግቢውን አቋርጦ ደረጃው ሥር ደርሷል። አማቷ ደረጃው ላይ፣ ጀርባቸውን ለቧንቧው ሰጥተው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ውሃው» አለች።

ዝም።

ጠጋ ብላ ጠራቻቸው። ዝም። ቧንቧውን ልትዘጋ ስትሮጥ እግሯ ባልዲውን መታው፤ ባልዲው ተገልብጦ ሲሚንቶው ላይ ሲንኳኳ የጎረቤት ውሻ ጮኸ። አዛውንቱ ግን ትከሻቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ተጠግታ ከኋላቸው ቆመች። የልጆቹን የፊደል መጽሐፍ ከፍተው፣ በአንድ ጣታቸው አንዲት ፊደል እየነኩ፣ በሌላው እጃቸው የገዛ ጉሮሯቸውን ይዘው፣ «ኻ... ኻ...» ይላሉ። ሓ ላይ ነበር ጣታቸው።

ያኔ ሁሉም ነገር ባንዴ ፊቷ ላይ ተደቀነ። መብራቱ ሥር ተቀመጪ ማለታቸው፣ አፍሽን አትሸፍኚ ማለታቸው፣ የከንፈር ፊደላት በቶሎ የገቡላቸው፣ የጉሮሮዎቹ የማይገቡት። ትንሿ ልጇ እንኳ አያቷን ከማናገሯ በፊት ሁልጊዜ እጅጌያቸውን ትስባለች። ልጅቷ ማንም ሳይነግራት አውቃዋለች፤ እናትየዋ ናት እንቅልፍ ዓይኗን ጋርዶባት ያላየችው።

ዞራ ፊት ለፊታቸው ስትቆም ቀና አሉና እግራቸው ሥር የደረሰውን ውሃ አዩ። ከዚያ ፊቷን አዩ። ምን እንዳየች ገባቸው።

እሷም እርጥቡ ደረጃ ላይ እንደነገሩ ቁጭ አለች። «ከመቼ ጀምሮ ነው አባባ?» አለች፣ ከንፈሯን አጥርታ፣ ሳትጮኽ።

«የቆርቆሮው ጩኸት ጆሮዬን ቀስ እያለ ነው የወሰደው» አሉ። «መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ። ቀጥሎ ልጆች። አሁን ሰው ሲያወራ ጉርምርምታ አለ፣ ቃል የለም። የምታውቀው ሟች ባለቤቴ ብቻ ነበረች።»

የቀረውን ቀስ በቀስ ነገሯት። ሚስታቸው በሕይወት ሳለች ሰው ሲጠራቸው ጉልበታቸውን መታ ታደርግላቸው ነበር፤ እሷ ከሄደች ወዲህ የሚጠራቸውን ሰው ዓይን መጠበቅ ለመዱ። ለልጃቸው ያልተናገሩት፣ ብቻዬን መንገድ እንዳልሻገር ይከለክለኛል ብለው ፈርተው ነው። መስጊድ ውስጥ አጠገባቸው ያለውን ሰው እያዩ ይሰግዳሉ፤ ሱጁድ ላይ ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ ማየት ስለማይችሉ፣ ሰው መነሳቱን ለማወቅ በዓይናቸው ጫፍ ይሰርቃሉ። ይህን ሲሉ ትንሽ ፈገግ አሉ። ስለዚያ ቅዳሜ ሲናገሩ ግን ፈገግታው ሄደ። ኡስታዙ ጺማም ነው፣ ሲቀራም ወደ መጽሐፉ አቀርቅሮ ነው፤ ከንፈሩ አይታይም። በእጁ ምልክት ድገሙ አላቸው፣ የመሰላቸውን አሉ። እንደገና ድገሙ አላቸው። በመጨረሻ «ይበርቱ አባባ» የሚል በሚመስል ትሕትና ትከሻቸውን ነክቶ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይቀለኝ ነበር አሉ።

ተኳሿ እየሰሙኝ ነው ወይ ብላ የጠየቀቻቸው ማታ ትዝ አላትና ይቅርታ ልትል ፈለገች። እሳቸው ግን ፊቷን ማንበብ የለመዱ ሰው ናቸውና ቀድመው እጃቸውን አወዛወዙላት። አብረው ተነስተው ውሃውን በመጥረጊያ ወደ ቦዩ ገፉት።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት አማቷን ወደ መስጊዱ ለመውሰድ የላውንደሪውን አለቃ መለመን ነበረባት። አለቃዋ ደረቅ ሴት ናት፤ ምክንያት አትሰማም። ሄጂ ግን እሑድሽን ታመጪያለሽ አለቻት። እሑድ የተኳሿ ብቸኛ የዕረፍት ቀን ነው። እሺ አለች፤ ምን ታድርግ።

አማቷ መንገዱን ሙሉ አብረው ላለመሄድ ሲከራከሩ ሄዱ። መስጊዱ ደጅ ሲደርሱ እሷ ጫማ ከሚደረደርበት አጠገብ ኡስታዙን አስጠርታ አነጋገረችው። አዛውንቱ ራቅ ብለው፣ በሽታው ለሐኪም እንደሚነገርበት ሰው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ኡስታዙ ወጣት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ሠርቶ ነው የሚያስተምረው፤ ዓይኑ ሥር የእሷኑ ዓይነት ጥላ አለ። ሰምቷት ሲጨርስ ወደ አዛውንቱ ዞሮ አያቸው። ያን ቅዳሜ ያደረገውን እያስታወሰ ይመስላል።

«እኔ ጠፍቶብኝ ነው» አለ። «እርስዎስ ዐይንን እንዴት ነበር የሚያሳዩአቸው?»

«አቃተኝ። ከንፈር ላይ የለችም» አለችው።

ኡስታዙ ወደ አዛውንቱ ሄዶ እጃቸውን ያዘ። ከሌሎቹ ተማሪዎች ፊት ቀድሞ አስገባቸውና በመስኮቱ ብርሃን ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። እሷ ሴቶች ከሚቀመጡበት በኩል በተከፈተው በር ታያቸዋለች። ኡስታዙ ጺሙን በእጁ ወደ ጎን ሰብስቦ ከንፈሩን ገለጠ። ከዚያ የአዛውንቱን ቀኝ እጅ አንስቶ የራሱ ጉሮሮ ላይ አደረገው፤ ግራ እጃቸውን ደግሞ አፉ ፊት አቆመው። ምራት ለአማቷ ልታደርገው የማትችለው ነገር ነበር፤ ያሰበችውም አልነበረም።

«ዐይን» አለ።

የአዛውንቱ ጣቶች ሻካሮች ናቸው፣ ቆርቆሮ የበላቸው። ጉሮሮው ላይ ግን እንደ ላባ ነው ያረፉት። ኡስታዙ ዐይንን ደጋገመው፤ ከዚያ ሓን፤ ከዚያ ኻን። አዛውንቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ዐይን ስትባል ጉሮሮው ይንቀጠቀጣል፣ ሓ ላይ ሳይንቀጠቀጥ ጠበቅ ይላል፣ ትንፋሹ መዳፍ ላይ ይሞቃል፤ ኻ ደግሞ ትሞርዳለች። ይህን በኋላ ነው ለምራታቸው የነገሯት። ያኔ ግን እጃቸውን ወደ ገዛ ጉሮሯቸው መለሱና ሞከሩ። የመጀመሪያው አልሆነም። የሁለተኛውም አልሆነም። ኡስታዙ እጃቸውን መልሶ ወሰደ። እንዲህ ሲመላለስ ቆይቶ፣ ከአዛውንቱ ደረት ከርከር ያለች፣ የታፈነች፣ ግን ጥርት ያለች ሓ ወጣች።

እሳቸው አልሰሟትም። ኡስታዙ ፊት ላይ ነው ያዩዋት።

ተኳሿ በሩ ላይ ተደግፋ የሻሽዋን ጫፍ ነከሰች። ልታለቅስ መስሏት ነበር፤ ማዛጋት ሆነ።

ማታውን ለባሏ ነገረችው። ቁጭ ብሎ ሰማ፣ ሥራ ሊሄድ ሲነሳ አባቱ ፊት ቆሞ ጉልበታቸውን መታ አደረገና «ደህና እደሩ» አላቸው። የፈሩት ክልከላ አልመጣም። ቅዳሜ ሲደርስ ግን እንቅልፉን አቋርጦ ይነሳና ዋናውን አስፋልት አሻግሯቸው ይመለሳል፤ እሳቸውም ሲያሻግራቸው እጁን እምቢ አይሉም።

ኡስታዙ ከቅዳሜ ሌላ በሳምንቱ መሀልም ከሥራው መልስ ቁርኣን ሊያስቀራቸው ፈቀደ። ፋቲሓን፣ የቁርኣኑን የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ ቃል በቃል፣ ጉሮሮ በጉሮሮ ይዘው ወራት ፈጀባቸው። ዐይን ዛሬም አንዳንዴ አሊፍ ሆና ታመልጣቸዋለች። ሲሰግዱ ግን ከንፈራቸው ዝም ብሎ አይንቀሳቀስም፤ የሚሉትን ያውቁታል።

አማቷ በሳምንቱ መሀል መስጊድ በሄዱበት በመጀመሪያው ምሽት፣ ተኳሿ ከሥራ ስትገባ ፊት ለፊቷ መጽሐፍ ይዞ የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። ምንጣፉ ባዶውን ነው። ያችን ባዶ ማታ ስትናፍቃት ከርማ፣ አሁን ስታገኛት ምን እንደምታደርግባት ግራ ገባት። ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁርኣን አየችው፤ አውርጄ ልግለጠው ይሆን ብላ አሰበች። ጫማዬን ላውልቅና ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አንደኛውን እንዳወለቀች እንቅልፍ ጣላት።

የነቃችው በኳኳታ ነው። ማድ ቤት ውስጥ ድስት ከድስት ይጋጫል፣ ክዳን ይወድቃል፣ ማንኪያ ይንኳኳል። አማቷ ከትምህርታቸው ተመልሰው ለልጆቹ እራት እያሞቁ ነው። «ዝም በሉ፣ እናታችሁን እንዳትቀሰቅሱ» ይላሉ ልጆቹን፣ መንገድ ላይ በሚሰማ ድምፅ። ልጆቹ ይስቃሉ። ሌላ ክዳን ወደቀ።

ተነስታ ልታግዛቸው አሰበች። ከዚያ ጫማ ያለበትን እግሯን እንደ ነበረ ወደ አልጋው አወጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።